እዝችው ማዶ ናት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ደሴ እየዘነበ ነው፤ ቆርቆሮው ከጮኸባችሁ ይቅርታ።

ባለፈው ወር የአንድ ድርጅት የደንበኞች መዝገብ አጽዳ ተባልኩ። 30,000 ስም። አንዱ ሰው ሦስት ቦታ ተጽፏል፦ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሞሐመድ። ወሎ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም።

መጀመሪያ የያዝኩት የሶቪየቱ የሂሳብ ሊቅ ሌቨንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣውን ልኬት ነው። አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመቀየር ስንት ፊደል መጨመር፣ መሰረዝ ወይ መተካት ያስፈልጋል? ሙሐመድን መሀመድ ለማድረግ ሁለት። ሙ በመ፣ ሐ በሀ፣ አለቀ። ይህ ቁጥር የሁለቱ ቃላት «ርቀት» ይባላል። ግን 30,000 ስም እርስ በርስ ሲወዳደር 450 ሚሊዮን ጥንድ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ማታ ለቅቄው ተኛሁ። ጠዋት ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ግሏል፤ ሥራው ግማሽ አልደረሰም።

ያኔ ኩታበር አክስቴ ዘንድ የሄድኩበት ቀን ትዝ አለኝ። መንገድ ላይ አንድ አባት አገኘሁ። «አባባ፣ ሩቅ ነው?»

«ኧረ ምን ሩቅ አለው ልጄ፣ እዝችው ማዶ ናት!»

ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሬ። መልሱ ፈጣን ነበር፣ አይካድም። ስንት እጥፍ እንደሚስት ግን አልነገሩኝም።

የግምት አልጎሪዝም፣ ማለትም ቁርጡን ትቶ ቀረብ ያለ መልስ ቶሎ የሚሰጥ የኮምፒውተር ስሌት፣ ከአባባ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። «ከእውነተኛው ርቀት ከዚህን ያህል እጥፍ አልስትም» ብሎ ቃል ይገባል። ለረጃጅም ጽሑፍማ የግድ ነው፤ ጽሑፉ እጥፍ ሲረዝም ሥራው አራት እጥፍ ይሆናል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ባከርስና ኢንዲክ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ብዙ ተመራማሪ የሚቀበለው አንድ መላምት ትክክል ከሆነ፣ ቁርጡን ርቀት ከዚህ በጉልህ አፍጥኖ ማስላት እንደማይቻል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ሌሎቹ ተመራማሪዎች አንዶኒና ኖሳትዝኪ፣ ስህተቱ ከተወሰነ እጥፍ ሳያልፍ፣ ጽሑፉን አንዴ ከማንበብ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ መገመት እንደሚቻል አረጋገጡ።

የኔ መላ ተራ ነው። ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ መለስኩ። ከዚያ ስሙን በሁለት በሁለት ፊደል ቆራረጥኩት። ሙሀመድና መሀመድ «ሀመ»ን እና «መድ»ን ይጋራሉ። በቂ ቁራጭ የማይጋሩትን ሳልለካ አለፍኩ። ቶናው ሳይደርስ አለቀልኝ።

ውጤቱን ለመዝገብ ቤቱ አዛውንት አሳየሁ። አበበ እና አበበች፣ የአባት ስም አንድ፣ ልዩነታቸው አንዲት ፊደል። አንድ ሰው ብዬ ደምሬያቸዋለሁ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«እህትና ወንድም እኮ ናቸው አንተ! እሷ ከፍላለች። ዕዳ ያለበት እሱ ነው።»