ሥጋውን ተዉት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ እኔው ነኝ። ልጆቹ ተኝተዋል። ዕቃው ታጥቧል። ባለቤቴ ዛሬ አምሺ ነው፣ ገና አልገባም። ጣቶቼ አሁንም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላሉ።

እራታችን ሳንድዊች ነበር። የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ድልህ ወፈር ብሎ የተሠራ፣ በተጠበሰ ዳቦ ውስጥ። በቃ ይሄው ነው። ስለ እሱ ላወራ ነው የተቀመጥኩት፣ ምክንያቱም በሥራ ቀን ማታ፣ ሁሉም ደክሞትና ርቦት ቤት በሚገባበት ሰዓት፣ ሰው የሚያጠግብ ትኩስ ነገር በአርባ ደቂቃ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ማድረስ ለእኔ ትልቅ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ የተበላሸብኝን ልንገራችሁ።

ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ከሥራ አምሽቼ ገባሁ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ በቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣው። አንድ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ነበረ፣ መሐሉ ገና በረዶ ነው። እንዳለ ትንሽ ድስት ውስጥ ከተትኩትና ማማሰል ጀመርኩ። በአንድ እጄ ስልክ ይዤ የሥራ መልእክት እመልሳለሁ፣ በሌላው አማስላለሁ፣ ትንሹ ልጄ እግሬን አቅፎ ራበኝ ይላል፣ ትልቋ ከሳሎን የቤት ሥራዋን እየጮኸች ትጠይቀኛለች። ሥጋው ውሃ አወጣ። ብዙ ውሃ። ግራጫ ሆነ። ቲማቲሙን ስጨምርበት ይብሱን ቀጠነ። ዳቦው ውስጥ ሳደርገው ዳቦው ራሰና እጃችን ላይ ፈረሰ። ልጆቹ ዳር ዳሩን ቀማምሰው ተነሡ። ማንም ምንም አላለኝም። እኔ ግን ያን ማታ በጣም ከፋኝ። ቀኑን ሙሉ ሳላያቸው ውዬ ያገኘሁት አንድ ሰዓት እንዲያው ዝም ብሎ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ያዝኩት። አነበብኩ፣ ሞከርኩ፣ ደግሜ ሞከርኩ። ሁሉም ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ነገር መራኝ። ሥጋውን ተዉት። መጥበሻው ላይ አድርጉትና እጃችሁን አንሡ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ሥጋ ሲጠበስ ያ ቡናማ ቀለምና ያ አፍ ውሃ የሚያስሞላው ሽታ የሚመጣው ሥጋው ውስጥ ያሉት አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች፣ እና ስኳሮች በሙቀት እርስ በርሳቸው ሲዋሃዱ ነው። ሉዊ ካሚል ማያር የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1912 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጽፎ ነበር፣ ዛሬም ነገሩ በእሱ ስም ይጠራል። ይህ መዋሃድ መጥበሻ ላይ በደንብ የሚፋጠነው ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው። ውሃ ደግሞ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እንግዲህ ሥጋው በውሃ እስከተከበበ ድረስ ከ100 ብዙም አያልፍም ማለት ነው፣ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በማማሰል ደግሞ የሞቀውን ፊት ከመጥበሻው እናነሣና ቀዝቃዛውን እንተካበታለን፣ ውሃውም ለመትነን ጊዜ አያገኝም። የዚያን ዕለት ያደረግሁት ሁሉ ይህንኑ ነበር። በረዶው፣ ትንሹ ድስት፣ አንድ ኪሎው፣ ማማሰሉ፣ ሁሉም ለውሃው ሠሩለት።

አሁን እንዴት ነው የምሠራው? ግማሽ ኪሎ ሥጋ ለአራት ሰው ይበቃል። ስብ ያለው ይሁን፣ ከመቶ 15 እስከ 20 የሚሆነው ስብ የሆነ። በጣም ቀዩን መርጬ ገዝቼ አውቃለሁ፣ ጤናማ ይሆናል ብዬ፣ ግን አፍ ውስጥ እንደ አሸዋ ይበተናል። ከማቀዝቀዣ አወጣውና በወረቀት ፎጣ ላዩን አደርቀዋለሁ። ሰፊና ከባድ መጥበሻ እሳት ላይ ጥጄ ሁለት ሦስት ደቂቃ አግለዋለሁ። ጠብታ ዘይት። ከዚያ ሥጋውን ሳልበትነው እንደ ቂጣ ጠፍጠፍ አድርጌ ወለሉን ሙሉ እዘረጋዋለሁ። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ከላይ።

ከዚያ ምንም። አምስት ደቂቃ ምንም አላደርግም።

ይህ ምንም አለማድረግ ለእኔ ከባድ ነበር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ። ከሥራ የመጣ ሰው ሰውነቱ ገና እየሮጠ ነው። ቆሞ ማየት ሰነፍነት ይመስለዋል፣ እጄ ራሱ ወደ ማማሰያው ይሄድ ነበር። የሚረዳኝ ጆሮዬ ነው። መጀመሪያ ላይ የምትሰሙት ድምፅ እርጥብ ነው፣ እንደሚንተከተክ ነገር። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል፣ ደረቅ ይሆናል፣ ጭርርር ይላል። ያን ጊዜ ዳሩን በመገልበጫ ከፍ አድርጋችሁ ብታዩት ጥቁር ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በትልልቁ ቆራርጣችሁ ትገለብጡታላችሁ፣ ትንሽ ትቆያላችሁ፣ ከዚያ ነው መበተን።

በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ። ወደ ልጆቹ እዞራለሁ። በቃ። ጀርባዬን ለምድጃው ሰጥቼ ትልቋን አያታለሁ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ውሎሽ እንዴት ነበር ስትሏት «ደህና» ብላ የምትዘጋበት ዕድሜ። ግን ዝም ብዬ ስቆም፣ እጄ ላይ ምንም ሳይኖር፣ ራሷ ትጀምራለች። ባለፈው ሳምንት ከጓደኛዋ ጋር እንደተኳረፈች የነገረችኝ ሥጋው እየተጠበሰ ነው። አራት ቀን ሙሉ ይዛው ቆይታለች። ብጠይቃት ኖሮ አትነግረኝም ነበር፣ አውቃታለሁ። ዛሬ ደግሞ ዘንግቼ ማማሰያውን ሳነሣ «እማ፣ ገና ነው፣ ተይው» አለችኝ።

ወደ ምግቡ ልመለስ። አንድ ሳልናገረው የማላልፈው ነገር አለ፣ ልጆች ያሉበት ቤት ስለሆነ። የተፈጨ ሥጋ እንደ ሙሉ ሥጋ አይደለም። ሙሉ ሥጋ ላይ ጀርሞች ቢኖሩ በአብዛኛው ላዩ ላይ ናቸው፣ ላዩ ሲጠበስ ይሞታሉ። ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሁሉም ይቀላቀላል። ስለዚህ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ውስጡ ድረስ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት። በቀለም አትመኑ፣ ሥጋው ሳይበስል ቡናማ የሚመስልበት ጊዜ አለ። የምግብ ቴርሞሜትር ካላችሁ ውጉት። እንደምንሠራው ተበትኖ መረቅ ውስጥ አሥር ደቂቃ የሚንተከተክ ከሆነ ያን ያህል አያሳስብም፣ በደንብ ያልፈዋል። ጥሬውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ አላቆየውም፣ ካልደረስኩበት ወደ ፍሪዘር።

ሥጋውን ወደ ሳህን አወጣለሁ። መጥበሻው ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚያህል ስብ ብቻ ትቼ የቀረውን ባዶ ጣሳ ውስጥ። ዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ውስጥ አትድፉት፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋና ይደፍነዋል። በዚያው ስብ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ደቀቅ ብሎ የተከተፈ፣ ቆንጥር ጨው ተጨምሮበት። ሽንኩርቱ የሚያወጣው ውሃ ከታች የተጣበቀውን ቡናማ ነገር ያላቅቀዋል፣ እናንተም በማማሰያው ፋቁት፣ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። አሁን ማማሰል ይቻላል። ሰባት ስምንት ደቂቃ፣ ለስልሶ ዳር ዳሩ ወርቃማ እስኪሆን። ነጭ ሽንኩርቱ መጨረሻ ላይ ነው፣ ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል፣ ቀድሞ ከገባ ያርና ይመራል።

ቀጥሎ ድልሁ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ በቀጥታ በስቡ ላይ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ውሃ ይደፋበታል። ሁለት ደቂቃ ይጠበስ። ደማቅ ቀይ የነበረው ጠቆር ይላል፣ ያ የጥሬ ቲማቲም ጉምዛዜው ይጠፋል፣ ይጣፍጣል። ከዚያ ሥጋውን ሳህኑ ላይ ከፈሰሰው ጭማቂ ጋር እመልሰዋለሁ፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ። እሳቱን ቀነስ፣ ክዳኑ ይቅር። አሥር ደቂቃ። መድረሱን የማውቀው ማማሰያውን በመጥበሻው ወለል መሐል ስስበው ነው፣ የሄደበት መንገድ ቶሎ ካልተሞላ ደርሷል ማለት ነው። ቶሎ ከተሞላ ገና ነው፣ ዳቦውን ያረጥበዋል።

ስለ ዳቦው ትንሽ ልበላችሁ፣ ምክንያቱም ግማሹ ሥራ እዚያ ነው። በጣም ለስላሳና አየር የበዛበት ዳቦ መረቅ አይችልም። ጠንከር ያለ ይሁን፣ ሲጫኑት የሚመለስ። ለሁለት ከፈልኩትና የተቆረጠውን ፊት ቅቤ ቀብቼ መጥበሻ ላይ እደፋዋለሁ፣ ቅርፊት እስኪይዝ። ያ ቅርፊት ነው መረቁን የሚያዘገየው። ቺዝ ካለ ከሥጋው በታች፣ ዳቦው ላይ በቀጥታ። ብዙ ሰው ከላይ ያደርገዋል፣ ለዓይን ያምራል፣ ግን ከታች ሲሆን ይቀልጥና በዳቦውና በሥጋው መካከል ይጋርዳል።

ሌላው ደግሞ የሚኮመጥጥ ነገር። ሥጋው ወፍራም ነው፣ ስብ አለው፣ ጣፋጭነትም አለው፣ ብቻውን ከሆነ ከሦስት ጉርሻ በኋላ ይሰለቻል። ጥቅል ጎመን በጣም በቀጭኑ ከትፌ፣ በጨውና በኮምጣጤ አሽቼ ሥጋው እስኪደርስ አስቀምጠዋለሁ። ይህ የትንሹ ሥራ ነው። እጁን ታጥቦ ያሸዋል። ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጎመን የሚባል ነገር አፉ አያስገባም ነበር፣ አሁን ራሱ ያሸውን ይበላል።

ሳንድዊች የሚለው ስም የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረ ጆን ሞንታጉ ከሚባል እንግሊዛዊ መኳንንት ማዕረግ ነው። የካርታ ጨዋታውን ሳያቋርጥ በአንድ እጁ እንዲበላ ሥጋ በዳቦ መካከል አድርገው ያመጡለት ነበር ይባላል። የእኛው ግን በአንድ እጅ አይበላም። ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ አጥብቆ መያዝ ይፈልጋል፣ ወደ ሳህኑ ጎንበስ ማለት ይፈልጋል። እጃችን ሁሉ መረቅ ስለሚሆን ስልክ የሚነካ የለም። ይህን አስቤበት አይደለም ያገኘሁት፣ አንድ ማታ ልብ አልኩት። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበረው የመብላት ድምፅ ብቻ ነበር፣ ከዚያ ወሬ፣ ከዚያ ሳቅ። የእኔም ስልክ እዚያ ማዶ መደርደሪያው ላይ ነበረ፣ ቢጮህም አላነሣሁትም።

የባለቤቴን ድርሻ ዳቦ ውስጥ አላደርግለትም። ሥጋው ለብቻው፣ ጥልቀት በሌለው ሰፊ ዕቃ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። የበሰለ ሥጋ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ሲሞቅ ደግሞ ለብ ማለት አይበቃም፣ እየተንተከተከ እስኪፋጅ ድረስ፣ ከነጠፈ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ። ብዙ መሥራት ከፈለጋችሁ ግማሽ ግማሽ ኪሎውን በሁለት ዙር ጥበሱት እንጂ አንድ ላይ አትክመሩት፣ የእኔን ያን ማታ አስታውሱ። የተረፈውን በላስቲክ ከረጢት ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታስገቡት ቦታ አይፈጅም፣ ቶሎም ይቀልጣል።

ቁልፉ በሩ ላይ ሲዞር ይሰማኛል። መጣ። ዳቦውን ሄጄ ልጥበስለት። ደህና እደሩ።