ከወንዙ ማዶ ያለው ከተማ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከኋላ ጥግ የያዛችሁ ወጣቶችም፣ እንደምን አመሻችሁ!

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸውና ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ እንዳትደክሙ።

እዚህ ሴንት ሉዊስ ከመጣሁ ጀምሮ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ኢሊኖይ ስነዳ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ሣር የለበሰ ትልቅ ኮረብታ አይ ነበር። ለዓመታት ተራ ኮረብታ መስሎኝ አለፍኩት። አንድ ቀን ቤቴ የመጣ እንግዳ ላስጎበኝ ብዬ ጎራ አልኩና ሰሌዳውን ሳነብ አፈርኩ። ለካ ኮረብታውን የሠራው ሰው ነው!

ቦታው ካሆኪያ ይባላል፤ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የጥንት ከተማ ነበር። ይህም ስም ቢሆን የነዋሪዎቹ አይደለም። ከተማው ከጠፋ ከብዙ ዘመን በኋላ በአካባቢው ይኖር ከነበረ ሌላ ሕዝብ የተወሰደ ነው። ትልቁ ጉብታ ደግሞ በ1800ዎቹ መጀመሪያ አትክልት በተከሉበት ፈረንሳውያን መነኮሳት ስም ይጠራል። ባለቤቶቹ ጽሑፍ ስላልነበራቸው የራሳቸው ስያሜ አብሯቸው ሄደ።

በ1100 ገደማ፣ ንጉሥ ላሊበላ ከመንገሡ ሰማንያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እዚህ ከ10 ሺህ እስከ 20 ሺህ የሚገመት ሰው ይኖር ነበር። 120 ያህል ጉብታዎች፣ ሰፊ አደባባይ፣ የፀሐይን መውጫ የሚቆጥሩበት በክብ የተተከለ የጥድ ምሰሶ ነበራቸው። ትልቁ ጉብታ 30 ሜትር ከፍ ይላል፤ በመሠረቱ ስፋት ከጊዛው ታላቅ ፒራሚድ አያንስም። በሬ የለ፣ አህያ የለ፣ ጋሪ የለ፤ አፈሩ ሁሉ በቅርጫት በሰው ጫንቃ ተጋዘ። ሥራ ብቻ ግን አልነበረም። ለስላሳ ክብ ድንጋይ እያንከባለሉ፣ ይቆምበታል ወዳሉት ቦታ ጦር የሚወረውሩበት ጨዋታ ነበራቸው። ጉግስ ያየ ሰው ጩኸቱ ምን ሊመስል እንደሚችል አይጠፋውም።

ይህን ሁሉ ሕዝብ የመገበው በዋናነት በቆሎ ነው። በቆሎን ከዱር ሣር ያላመዱት ከ9 ሺህ ዓመት በፊት የሜክሲኮ ገበሬዎች ናቸው። በነገራችን ላይ በርበሬም የዚህ አህጉር ልጅ ነው። አዎ፣ እማማ፣ በርበሬ! ኮሎምበስ በ1492 ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት በእኛ አገር ማንም ሰው በበርበሬ የቀላ ዶሮ ወጥ በልቶ አያውቅም። ስለዚህ የእነዚህን ሕዝቦች ታሪክ የሌላ ሰው ጉዳይ አድርገን የምንተወው አይደለም፤ ሞሰባችን ላይ ነው።

ካሆኪያ በ1350 ገደማ ባዶ ሆነች። ድርቅ ነው፣ የወንዝ ሙላት ነው፣ ጠብ ነው እያሉ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ። ፈረንጅን የማንከስበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ገና አልመጣም ነበር።

ሲመጣስ? ኤርናንዶ ዴ ሶቶ የሚባል፣ በፔሩ የኢንካን ወርቅ ተካፍሎ የከበረ ስፔናዊ፣ በ1539 ወደ 600 የሚሆኑ ሰዎች፣ ፈረሶችና አሳማዎች ይዞ ፍሎሪዳ ወረደ። ያገኘው ጫካ ብቻ አልነበረም። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ከተማ፣ ከአንዱ የበቆሎ ማሳ ወደ ሌላው ሄደ። ጎተራ እየዘረፈ፣ ሰውን በሰንሰለት አስሮ ዕቃ እያሸከመ ማለት ነው። በመጨረሻ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ሳለ ታመመ። ያኔ ኪጓልታም ወደሚባል ኃይለኛ ባላባት መልእክተኛ ላከ፦ እኔ የፀሐይ ልጅ ነኝ፣ መጥተህ እጅ ንሳ። የባላባቱ መልስ በስፔን ጉዞ ላይ በነበረ ሰው ተጽፎ ቀርቷል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የፀሐይ ልጅ ከሆንክ እስቲ ይህን ትልቅ ወንዝ አድርቀው፣ ያን ጊዜ አምንሃለሁ። እኔ ግን ሰው ዘንድ ሄጄ አላውቅም፤ ሰው ነው እኔ ዘንድ የሚመጣው።

ዴ ሶቶ በግንቦት 1542 ሞተ። ሰዎቹ መሞቱ እንዳይታወቅ በሌሊት ሬሳውን ከባድ ነገር አስረው ወንዝ ውስጥ ጣሉት። ያንኑ ወንዝ።

ከ140 ዓመት በኋላ፣ በ1682፣ ፈረንሳዊው ላ ሳል በዚያው ወንዝ ቁልቁል ሲወርድ፣ ዴ ሶቶ ከተማ በከተማ ላይ ባየበት አገር የሚያያቸው መንደሮች ጥቂት ነበሩ። ፈንጣጣውና ኩፍኙ፣ ጦርነቱና ባሪያ ፍንገላው በመካከል አልፈዋል። እንግዲህ በኋላ የመጡት ሰፋሪዎች "ባዶ መሬት አገኘን" ያሉት የተራቆተ ቤት አይተው ነው።

እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚቆጠቁጠኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጉብታዎቹን ሲያዩ "እነዚህ ሰዎች ይህን ሊሠሩ አይችሉም" አሉ። ፊንቄያውያን ናቸው፣ የጠፉት የእስራኤል ነገዶች ናቸው ተባለ። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን በ1830 ለኮንግረስ ባቀረበው መልእክት፣ ያለፈ ታላቅ ዘር ነበረ፣ እሱ ጠፍቶ ነው የዛሬዎቹ የመጡት የሚለውን አነሣ። በዚያው ዓመት ነው ሕዝቡን ከርስቱ የሚያፈናቅለውን ሕግ የፈረመው። ተረቱ ሥራ ነበረው ማለት ነው። ሳይረስ ቶማስ የተባለ ተመራማሪ በ1894 ባወጣው ሪፖርት ሠሪዎቹ የነባሮቹ ሕዝቦች አባቶች መሆናቸውን አረጋገጠ፤ መሬቱ ግን ሄዷል። ላሊበላን የመስቀል ጦረኞች ሠሩት ሲባል ሰምቶ ደሙ የፈላ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንግዲያው ይህ ንግግር ይገባችኋል።

የዚህች የእኛ ከተማ የድሮ ቅጽል ስም "የጉብታዎች ከተማ" ነበር። ትልቁ ጉብታዋ በ1869 ተንዶ አለቀ፤ አፈሩ ለባቡር ሐዲድ መደልደያ ዋለ። የቀረውን አንዱን ጉብታ ኦሴጅ የተባለው ነባር ሕዝብ በ2009 በገንዘቡ መግዛት ጀመረ። የአያቶቹን ሥራ ከገበያ ገዛው!

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከዚህ ግቢ እንነሣለን። መንገዱ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ውኃና የሚመች ጫማ ያዙ፤ ደረጃው ብዙ ስለሆነ አባቶች አትቸኩሉ፣ እናርፋለን። ጫፉ ላይ ስንደርስ ወደ ምዕራብ ዙሩ፤ ከተማችን ከወንዙ ማዶ ትታያለች። አመሰግናለሁ።