ዶርም ይሻላል ወይስ ውጭ ተከራይቶ መኖር? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ፕሮግራም የደወላችሁት አብዛኞቻችሁ ጥያቄያችሁ አንድ ነበር ማለት ይቻላል። ምደባ ወጥቷል፣ ልጆች ሻንጣ እያዘጋጁ ነው፣ ወላጅ ደግሞ «ልጄ የት ነው የሚያድረው?» እያለ እንቅልፍ አጥቷል። በአየር ላይ ሰዓቱ ስላልበቃን መልሶቹን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ጽፌላችኋለሁ። ብዙ ዓመት የሠራሁት የተማሪዎች አገልግሎት ላይ ስለሆነ የማወራው በቅርብ ስለማውቀው ነገር ነው።

ከደሴ የደወለ ተማሪ፦ «ጋሼ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደርሶኛል። ጓደኞቼ ቤት ተከራይተን አብረን እንኑር እያሉኝ ነው። ዶርም ይጨናነቃል፣ የካፌው ምግብም አይበላም ይባላል። ምን ይመክሩኛል?»

የመጀመሪያውን ዓመት ግቢ ውስጥ ኑር። ምክሬ ይሄው ነው፣ ምክንያቱንም ልንገርህ።

አንደኛ፣ የት ካምፓስ እንደምትማር ገና አታውቅም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢ አይደለም። ፔዳ አለ፣ ፖሊ አለ፣ ዘንዘልማ አለ፣ ሌሎችም አሉ፤ ዘንዘልማ ደግሞ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ፍሬሽማን ላይ፣ ማለትም በመጀመሪያው ዓመት፣ የጋራ ኮርሶች ትወስዳለህ፣ ዲፓርትመንት የምትመደበው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፔዳ አጠገብ ቤት ይዘህ፣ አልጋና ፍራሽ ገዝተህ፣ ወዲያው ወደ ሌላ ካምፓስ ብትዛወር የቤት ኪራዩ ላይ የባጃጅ ወጪ ይደረብብሃል።

ሁለተኛው ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው። ፍሬሽ ተማሪ ግቢውን የሚማረው ከዶርም ልጆች ነው። የትኛው መምህር ያለፈ ዓመት ፈተና ይደግማል፣ ላይብረሪ ማታ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው፣ ኩዊዝ ነገ ጠዋት መሆኑን ማን ሰማ፣ ይሄ ሁሉ የሚወራው ማታ አልጋ ላይ ነው። ውጭ የሚኖር ልጅ ይሄን ወሬ ያጣል። ውጤቱ የተበላሸበት ልጅ ቢሮዬ መጥቶ ሲያዋየኝ፣ «ፈተናው መቼ እንደሆነ አልሰማሁም» የሚለውን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግርህም። ጎበዝ ልጆች ናቸው እኮ!

ስለ ምግቡ ደግሞ ብዙ ሰው ያልገባው ነገር አለ። ዶርም መያዝና ካፌ መመገብ አንድ ነገር አይደሉም። ዶርም አድረህ ነን ካፌ መሆን ትችላለህ። ያኔ የምግቡን ገንዘብ በየወሩ በብር ትቀበላለህ፣ ምግብህን በራስህ ትፈልጋለህ። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተመደበው ብር ለዓመታት በጣም ትንሽ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ነው ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ያለው። 100 ብር ዛሬ ውጭ ምን እንደሚገዛ አንተም ታውቃለህ። ካፌው በጅምላ ስለሚገዛና ስለሚያበስል በዚያው ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት ያበላሃል፤ አንተ ግን በዚያ ብር ሦስቴ አትበላም። ስለዚህ ነን ካፌ የሚያዋጣው ከቤት ድጎማ ላለው ወይም ሐኪም የተለየ ምግብ ላዘዘለት ልጅ ነው። ክፍያው የሚዘገይበት ወርም አለ፣ እሱንም አስበው። ካፌ ጀምር፣ አንድ ሴሚስተር እየው፣ ካልሆነልህ በሚቀጥለው ምዝገባ ቀይር።

ጓደኞችህን አትቀየማቸው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ዲፓርትመንትህን ስታውቅ ያኔ ብትወጣ አልቃወምም።

ከሆሳዕና የደወሉ እናት፦ «ወንድሜ፣ ልጄ ጎንደር ደርሷታል። አንድም ዘመድ የለንም። እዚያ ሆና ብትታመምብኝ ማን ያያታል? ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።»

እህቴ፣ ጭንቀትዎ ትክክል ነው፣ ቀላል ነው ብዬ ላሳንሰው አልፈልግም። ግን ጎንደር ላይ ለዚሁ ለእርስዎ ጥያቄ ተብሎ የተጀመረ ነገር አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» የሚል ፕሮጀክት አለው። የከተማው ነዋሪ ከሩቅ የመጣ ተማሪ እንደ ልጁ ይቀበላል፤ ልጅቷ የምታድረው ዶርሟ ነው፣ ነገር ግን በዓል ሲመጣ፣ እሑድ ቡና ሲፈላ፣ ስትታመም የምትሄድበት ቤትና «ልጄ» የሚላት ሰው ይኖራታል። እኔ በበኩሌ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከተሠሩ ነገሮች ይሄን የሚያህል ልቤን የነካው የለም። ልጅዎ ለምዝገባ እንደደረሰች ስለ ቃል ኪዳን ቤተሰብ ትጠይቅ፣ ሰው እስኪነግራት አትጠብቅ።

ሌላው፣ በመጀመሪያው ቀን የብሎኩን ፕሮክተር ስልክ ትያዝና ለእርስዎ ትላክልዎ። ዶርሙን በቅርብ የምታየው ፕሮክተሯ ናት። ልጅዎ ስልክ አልነሣ ካለች መጀመሪያ የሚደውሉት ለእሷ ነው። ግቢ ውስጥ ክሊኒክም አለ።

በአሁኑ ጊዜ ከግቢው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚጠራበትን ቀን ከራሱ ይፋዊ ገጽ ያረጋግጡ፣ የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣትዎ በፊት ይጠይቁ፣ ብቻዋንም አትሂድ። እዚያው የተመደቡ የአካባቢው ልጆች መኖራቸው አይቀርም፣ ከእነሱ ጋር ትጓዝ። በጥሪው ቀናት ተማሪዎችን ከመናኸሪያ በአውቶቡስ መቀበል በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደ ነው፣ የት እንደሚቆሙ አስቀድማ ትወቅ።

ከአዳማ፦ «እግሬ ላይ ጉዳት አለብኝ። አራተኛ ፎቅ ብመደብስ?»

አብዛኛው የዶርም ሕንፃ ሊፍት የለውም። የሐኪም ወረቀትህን ይዘህ ሂድና በምዝገባው ቀን ለተማሪዎች አገልግሎት ወይም ለልዩ ፍላጎት ቢሮ ስጥ፤ ምድር ላይ እንዲመድቡህ መጠየቅ መብትህ ነው። የዶርም ምደባው ዝርዝር ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ማስቀየር ይቻላል፣ ግን ብዙ ያመላልስሃል።

ስማቸውን ያልነገሩን አባት፦ «ምን አስይዤ ልላከው? ምን እንዳይረሳ?»

ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትና ትራንስክሪፕት ኦርጅናሉም ኮፒውም፣ ጉርድ ፎቶ። በእነዚህ ላይ ጠንካራ የሎከር ቁልፍ እና ባልዲ ጨምሩበት፣ ውሃ የሚጠፋበት ቀን አለ። የኤሌክትሪክ ምድጃ አትላኩ። ክልክል ነው፣ ይወረስበታል፣ ለእሳት አደጋም ያጋልጣል።

አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሩልኝ። ዶርም ሲገባ ፎርም ያስፈርሙታል፦ ፍራሽ፣ ሎከር፣ ወንበር፣ ቁልፍ ተረክቤያለሁ የሚል። ልጆቹ ደክሟቸው ስለሚመጡ ሳያዩ ይፈርማሉ። ከመፈረሙ በፊት ክፍሉን ይይ። የሎከሩ በር ተገንጥሎ ከሆነ፣ መስኮቱ ተሰብሮ ከሆነ፣ ፍራሹ ተቀዶ ከሆነ ፎርሙ ላይ ይጻፍ፣ በስልኩም ፎቶ ያንሣ። ግቢውን ሲለቅ ክሊራንስ አለ፣ የተረከበውን ሁሉ መመለሱ የሚረጋገጥበት ወረቀት ማለት ነው። ጉዳቱን ቀድሞ ካላስመዘገበ ያልሰበረውን ይከፍላል፣ ካልከፈለ ክሊራንሱ አይፈረምለትም፣ ያ ከሌለ ደግሞ ዶክመንቱን አያገኝም።

ከወልቂጤ የደወለች ተማሪ፦ «አዲስ አበባ የግል ኮሌጅ ልማር ነው። ዶርም የለውም አሉኝ። ቤት ኪራይ እንዴት ልጀምር?»

የግል ኮሌጆች በአብዛኛው ዶርም የላቸውም፣ ስለዚህ ውጭ መኖርሽ ግድ ነው። ብቻሽን አትከራዪ፣ ከምታውቂያት ልጅ ጋር ተጋሪ። ቤቱን ቀንም ማታም ሄደሽ እዪው፤ ቀን ሰላም የሆነ ሰፈር ማታ ከክላስ ስትመለሺ ጨለማ ሊሆን ይችላል። ውሃና መብራት ኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ? ግቢው ስንት ሰዓት ይዘጋል? የማታ ክላስ ካለሽ ይሄን ቀድመሽ ጠይቂ።

ከሁሉም በላይ ውል። «እኛ ሰው እናምናለን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» ቢሉሽ እሺ አትበዪ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። የስድስት ወር ባንዴ አምጪ የሚል ደላላ ካጋጠመሽ ይሄን ንገሪው። በየሦስት ወሩ «ጨምሪ ወይ ልቀቂ» የሚባል ነገርም ሕጉ አይፈቅድም። ምዝገባው በወረዳው ነው፣ ከአከራይሽ ጋር አብራችሁ ሂዱ።

ከሐዋሳ የደወሉ አባት፦ «ልጄ ሦስተኛ ዓመት ነው፣ ውጭ ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ሲመረቅ የዶርም ዕዳ ይጠየቃል?»

ወጪ መጋራት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶውን፣ ምግብና መኝታ ከተጠቀመ ደግሞ የእነሱን ሙሉ ወጪ ይጋራል። ክፍያው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ነው። ወሳኙ ነገር በየዓመቱ የሚፈርመው የውል ፎርም ነው። እዚያ ላይ የሚወስደው በአገልግሎት ነው ወይስ በገንዘብ፣ የትኛውን ነው የማይወስደው፣ ይለይ። ልጅዎ ዶርም ሳይተኛ «ምግብና መኝታ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ከሆነ ዕዳው ይመዘገብበታል። ዛሬውኑ ይደውሉለትና የሦስቱንም ዓመት ኮፒ ከሬጅስትራር ወይም ከወጪ መጋራት ክፍል ጠይቆ ይይ። ስህተት ካለ አሁን ተማሪ እያለ ማስተካከሉ ይቀላል፣ ከተመረቀ በኋላ ግን ከሥራ እየቀረ መመላለስ ሊኖርበት ነው።