ልጅ በማደንዘዣ ሲተኛ ባለሙያው የት ይሄዳል?

ጤና ይስጥልን፣ ውድ ተመልካቾቻችን። ከኮምቦልቻ ደሴ የተመላለሰ ሁሉ የሐረጎን ዳገት ያውቀዋል። ጉም በወረደበት ቀን አንዲት ባጃጅ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ሰው ጭና ስትወጣ አስቡ፤ ሞተሯ ያለ ዕረፍት ይጮኻል፣ የምትይዘው ነዳጅ ግን ትንሽ ነው፣ ካለቀባትም እዚያው ገደል አፋፍ ላይ ትቆማለች። የጨቅላ ሕፃን ሰውነትም እንዲሁ ነው። በኪሎ ሲሰላ የአዋቂን ሁለት እጥፍ ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል፣ በሳንባው የሚያቆየው ግን ጥቂት ስለሆነ ትንፋሹ ቢቋረጥ ከአዋቂ እጅግ ቀድሞ ይጎዳል። ሹፌር ሐረጎ ላይ መሪ ለቆ ሻይ እንደማይጠጣ ሁሉ፣ የማደንዘዣ ባለሙያውም ልጁን አስተኝቶ የትም አይሄድም።

ትንንሽ ልጆች ብዙውን ጊዜ ሃሎቴን ወይም ሴቮፍሉሬን የሚባል የማደንዘዣ ጋዝ በጭምብል እየሳቡ ይተኛሉ፤ የመድኃኒቱም ሆነ የግሉኮሱ መጠን በክብደት ይሰላል፤ የልብ ምት፣ ኦክስጅንና የሰውነት ሙቀት ያለማቋረጥ ይታያሉ። በራሱ በበቂ ሁኔታ መተንፈስ ያልቻለ ልጅ ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ በቬንቲሌተር፣ ማለትም በመተንፈሻ ማሽን፣ ይታገዛል። የዚህ ክፍል መሠረት ራሱ የማደንዘዣ ሙያ ነው፤ በ1952 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ውስጥ ፖሊዮ ትንፋሻቸውን የነሣቸውን ሕሙማን፣ በማደንዘዣ ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን ሐሳብ፣ የሕክምና ተማሪዎች ሌት ተቀን እየተፈራረቁ በእጃቸው የጎማ ከረጢት እየጨመቁ አስተንፍሰዋቸዋል። (ይህ ታሪክ የራሱ ቪዲዮ ይገባዋል፤ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ።)

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደ ጻፋችሁልን ጥያቄ ልግባ፦ «ወተትም እንደ ውሃ ፈሳሽ ነው፤ ታዲያ ከቀዶ ሕክምና በፊት ልጃችንን ለምን ያስርቡብናል?» ወተት ፈሳሽ የሚሆነው ጡጦው ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ጨጓራ ሲደርስ በአሲዱ ይረጋል፣ ቶሎም አይወርድም። ልጁ ሲተኛ ደግሞ ትን እንዳይለው የሚጠብቀው የጉሮሮ መከላከያ አብሮ ይተኛል፤ ያን ጊዜ የረጋው ወተት ወደ ላይ ቢመለስ ሳንባ ውስጥ ይገባል። በተለመደው መመሪያ ልጁ በማደንዘዣ ሊተኛ 6 ሰዓት ሲቀረው ምግብና የላም ወተት፣ 4 ሰዓት ሲቀረው የእናት ጡት፣ 2 ሰዓት ሲቀረው ንጹሕ ውሃ ይቆማል፤ ሐኪማችሁ ሌላ ሰዓት ከነገራችሁ የእሱን ተከተሉ።

አያት «ባዶ ሆዱን አይገባም» ብለው ከጋቢያቸው ሥር በጡጦ አጥሚት ካጠጡት፣ አጥሚትም ምግብ ነውና፣ ሳትደብቁ ሰዓቱን ተናገሩ። ቀዶ ሕክምናው ወደ ሌላ ጊዜ ሊተላለፍ ይችላል፤ ባለሙያው ቢቆጣም ቁጣው ለአንድ አፍታ ነው።