አንዲት ክንፍ

እንደምን አደራችሁ! ወላጆች፣ መምህራን፣ በተለይ ደግሞ ከኋላ የምትንሾካሾኩት ልጆች፤ ባቡር ከመያዛችን በፊት አምስት ደቂቃ ስጡኝ።

ዛሬ የምንሄደው ወደ ለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቤታችሁ የዳይኖሰር ወሬ ብቻ እንደነበር ሰምቻለሁ። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ከነበረው ዲፒ ከሚባል የዳይኖሰር አጽም ጋር ፎቶ ተነስቼ አገር ቤት ልኬ ነበር። ጂፕሰም መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ተሸወድኩ! አሁን እሱ ቦታ ላይ የተሰቀለው የዓሣ ነባሪ አጽም ግን የእውነት አጥንት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሃንስ ስሎን በሚባል ሐኪም ነው። ዕፅዋት፣ ዛጎል፣ ነፍሳት፣ ሳንቲም፣ ያገኘውን ሁሉ ይሰበስብ ነበር። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከሕክምናው ሌላ፣ በሚስቱ በኩል በጃማይካ ባሪያዎች ከሚያለሙት የስኳር እርሻ። ይህን ልጆቹም ቢያውቁት ጥሩ ነው። በ1753 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲሞት፣ አገሪቱ ስብስቡን በ20,000 ፓውንድ ገዛችው። ብሪቲሽ ሙዚየም የተመሠረተው በዚያ ነው።

መሰብሰብና መጠበቅ ግን ለየቅል ናቸው። ብዙው በብል ተበላ። የበሰበሰውን ሠራተኞቹ ራሳቸው አቃጠሉት። ስሎን ከመዘገባቸው 5,500 ገደማ ነፍሳት በ1833 አንድም አልተረፈም።

በኋላ ሪቻርድ ኦወን የሚባል ሳይንቲስት መጣ፤ በ1842 "ዳይኖሰር" የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው። ጨቅጭቆ ጨቅጭቆ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ለነበረው የተፈጥሮ ስብስብ የራሱን ሕንፃ አሠራለት፤ ዛሬ የምንሄድበትን። በ1881 ተከፈተ። ስታዩት ካቴድራል ይመስላል። ልጆች፣ ግድግዳውን ልብ በሉ፦ በምዕራብ በኩል ዛሬም ያሉ እንስሳት፣ በምሥራቅ ደግሞ ከምድር የጠፉት ተቀርጸዋል። ኦወን ከዝግመተ ለውጡ ሰው ከዳርዊን ጋር አይጣጣሙም ነበር። አሁን ደረጃው ላይ ተቀምጦ የሚቀበላችሁ ሐውልት ግን የማን መሰላችሁ? የዳርዊን!

አንድ የማታዩት ነገር አለ። የሙዚየሙ የምርምር ወፎች ያሉት ከለንደን ወጣ ብሎ ትሪንግ በሚባል ከተማ ነው። እዚያ መሳቢያ ውስጥ የአገራችን ዕቃ ተቀምጧል፤ አንዲት ክንፍ። ቡናማ ናት፣ ጎላ ያለ ነጭ ምልክት አላት።

በ1990 ከካምብሪጅ የሄዱ ተመራማሪዎች አርባ ምንጭ አጠገብ፣ ነጭ ሳር ሜዳ ላይ፣ ጥርጊያ መንገድ ዳር አንዲት የሞተች ወፍ አገኙ። በሌሊት እየበረሩ ነፍሳት ከሚለቅሙት ወገን ናት። ሬሳዋ አልቋል። የሚነሳው ክንፏ ብቻ ነበር። አነሱት። አምጥተው ሙዚየሙ ውስጥ ካሉት ዘመዶቿ ጋር አስተያዩት። ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመም። በ1995 አዲስ ዝርያ ተባለች፤ ስሟም "ሶላላ"፣ በላቲን "ክንፍ ብቻ" እንደማለት ነው። ያ ሁሉ መሳቢያ ባይኖር ኖሮ መኪና የገጫት ወፍ ሆና ትቀር ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ያንገበግበኛል። የአርባ ምንጭ ልጅ ያቺን ክንፍ ለማየት ቪዛ ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል ደግሞ የስሎን ነፍሳት ትዝ ይሉኛል፤ እዚህም ቢሆን ስንቱ ነገር ባክኗል።

ይቺን 10 ሳንቲም አያችኋት? ጀርባዋ ላይ ያለው ደጋ አጋዘን ነው፤ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ለባሌ ሰው ጎረቤቱ ነው። በ1910 ግን የዚሁ ሙዚየም ሰው ሊዴከር ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት፣ በአዳኙ በበክስተን ስም ጠራው። የባሌን ሰው ማን ጠይቆት!

ስለዚህ ልጆች፣ እንስሳውን ብቻ አትዩ። ከሥሩ ያለችውን ወረቀት አንብቡ፦ ከየት መጣ? መቼ? ማን አመጣው? ከአገራችን የመጣ ነገር ቀድሞ ላገኘ ልጅ ሳንቲሟ የሱ ናት።

በሉ ጃኬታችሁን ልበሱ፣ ባቡሩ እንዳያመልጠን።