ቅጠሉ ጠግቦ ፍሬው የሚራብ ድንች፦ ቫይረስ ተክል ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?

[ምስል፦ ማለዳ፣ የድንች ማሳ። አንድ እጅ የታችኛውን ቅጠል ይዞ ቀስ ብሎ ይጨብጣል።]

ሰማችሁት? ኮሽ አለ እኮ።

የደረቀ ቅጠል እንዳይመስላችሁ። አረንጓዴ ነው፣ ውሃም አልጠማውም። ግን ስትጨብጡት እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ጠርዙ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ጭልፋ መስሏል። ጎኑ ያለውን ተክል እዩት ደግሞ። ቅጠሉ የተዘረጋ፣ ለስላሳ፣ ቁመቱም እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ያለነው እንጅባራ አጠገብ፣ የእቴቴ ማሳ ውስጥ ነው። እቴቴ አክስቴ ናት። አምና ስደውልላት "ልጄ፣ ዘሩ ደከመብኝ" አለችኝ። "እንደ ድሮው አያፈራም። ማዳበሪያ ብጨምርም ወይ ፍንክች!" ስትቆፍር የምታገኘው ድንች ከዓመት ዓመት እያነሰ መጥቶ አሁን የእንቁላል ያህል ሆኗል። አንዳንዱማ ከዋልያም አይበልጥም፣ ማለቴ ከዋልካ መሬት ጓል። ምላሴ ተሳሰረ፣ ይቅርታ። ማለዳ ስለሆነ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ "ዘሩ ደከመ" ስለሚባለው ነገር ነው። ድካሙ እርጅና አይደለም። ብዙ ጊዜ ቫይረስ ነው።

[ምስል፦ አሮጌ ላብራቶሪ፣ የትምባሆ ቅጠል።]

አንድ ነገር ላስቀድም። ቫይረስ መኖሩ መጀመሪያ የተጠረጠረው ሰው ታሞ ሳይሆን ትምባሆ ታሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጨምቆ፣ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለለው። የተጣራው ጭማቂ ጤነኛውን ተክል አሁንም አሳመመ። በ1898 ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ ሙከራውን ደግሞ ሠራና ነገሩን ቫይረስ አለው። ስለዚህ ጉንፋን ሲይዘን የምንጠራው ስም መነሻው እርሻ ነው።

እቴቴ ማሳ ላይ የማየው የድንች ቅጠል ጠቅላይ የሚባለው፣ ማለትም ቅጠል የሚጠቀልለው ቫይረስ ምልክት ነው። ናሙና ላብራቶሪ አልወሰድኩም፣ ስለዚህ መቶ በመቶ ነው ብዬ አልምልም። ምልክቱ ግን እንደ መጽሐፉ ነው። የቫይረሱ መጠን 24 ናኖሜትር ገደማ ነው። አርባ ሺህ ያህሉን ጎን ለጎን ብትደረድሩ አንድ ሚሊሜትር ይሞላሉ። ሙሉ የዘር መመሪያው የተጻፈው 6,000 በማይሞሉ ፊደላት ነው። የእኛ ሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደል አለው። በዚህች ቁራጭ ነው አንድ ሙሉ ተክል የሚያንበረክከው።

[ምስል፦ ክሽክሽ በቅጠል ጀርባ ላይ፣ በጣም ቀርቦ።]

ግን ብቻውን መግባት አይችልም። የተክል ሴል በወፍራም ግድግዳ የታጠረ ነው። እኛን የሚይዘን ቫይረስ በአፍንጫ ይገባል፤ ተክል አፍንጫ የለውም። ስለዚህ በር የሚከፍትለት ይፈልጋል። ከፋቹ ክሽክሽ ነው፤ በእንግሊዝኛ አፊድ የሚባለው።

ክሽክሽ መርፌ የመሰለ አፉን በሴሎች መሃል እያሾለከ ያስገባና ስኳር የሚሄድበት ቱቦ ላይ ሲደርስ ይጠጣል። የታመመ ተክል ላይ ሰዓታት ከጠጣ ቫይረሱ ከአንጀቱ ወደ ደሙ፣ ከዚያም ወደ ምራቁ ያልፋል። ከዚህ በኋላ ክሽክሹ ዕድሜ ልኩን አስተላላፊ ነው። ልጆቹ ግን ንጹሕ ሆነው ይወለዳሉ። ልብ በሉ፣ ቫይረሱ ክሽክሹን የሚጠቀመው እንደ ታክሲ ነው፤ ታክሲውም ደግሞ የታመመውን ተክል ይመርጣል። ተመራማሪዎች እንዳዩት ክሽክሾች በዚህ ቫይረስ ከተያዘ ድንች ላይ መስፈር ይወዳሉ፤ የሚስባቸው የታመመው ተክል የሚያወጣው ሽታ ነው። ተንኮሉን አያችሁ?

[ምስል፦ የተክል ሥዕል። ከቅጠል ወደ ታች የሚወርድ ቢጫ መስመር።]

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ጤነኛ ድንች ቀን ቀን በቅጠሉ ስኳር ያበስላል። ከፊሉን ወዲያው ይልከዋል። የተረፈውን ስታርች አድርጎ እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ማታ ምድጃው ሲጠፋ፣ ያስቀመጠውን መልሶ ስኳር ያደርግና ለሊቱን ሙሉ ወደ ታች ይልካል። ስኳሩ የሚወርድበት ቱቦ ፍሎየም ይባላል። ታች ሲደርስ እንደገና ስታርች ይሆናል፤ እሱ ነው ድንቹ። ሳይንሱ ድንች ያበጠ ግንድ እንጂ ፍሬ አይደለም ይላል። እቴቴ ግን ፍሬ ነው የምትለው፣ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

ይህ ቫይረስ ከተክሉ ክፍል ሁሉ መርጦ የሚሰፍረው ፍሎየሙ ውስጥ ነው። ስኳሩን ወደ ቱቦው የሚጭኑት ሴሎች ውስጥ ይገባና ይራባል። እ.ኤ.አ. በ1913 ክዋንየር የተባለ ሆላንዳዊ የታመመ ድንች ግንድ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲያይ የፍሎየሙ ሴሎች ሞተው አገኛቸው። መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት። ላይ ወጥ ቤቱ ይሠራል። ታች ልጆቹ ይጠብቃሉ። ደረጃው ፈርሷል። ምግቡ ወጥ ቤቱ ውስጥ ይከመራል። ቅጠሉ በስታርች ይጠቀጠቃል፣ ይወፍራል፣ ይገተራል። መጀመሪያ የሰማችሁት ኮሽታ ይኸው ነው፤ ሳይሄድ የቀረ ድንች ድምፅ።

[ምስል፦ የወጥ ቤት ጠረጴዛ። ሁለት ሰሃን፣ ሁለት ቅጠል፣ ትንሽ ጠርሙስ አዮዲን።]

ይህን በወሬ ብቻ አትመኑኝ። ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። እቴቴ "ምን ነካው ይሄ ልጅ" እያለች ታየኛለች። ከጤነኛው አንድ ቅጠል፣ ከተጠቀለለው አንድ ቅጠል ቀጠፍኩ። ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ጤነኛ ቅጠል ለሊቱን ሲልክ ስለሚያድር ጎህ ላይ ጎተራው ባዶ ነው ሊባል ይችላል።

ሁለቱንም የፈላ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ነከርኳቸው። ከዚያ ከፋርማሲ የገዛሁትን አልኮል በብርጭቆ አድርጌ፣ ብርጭቆውን ከእሳት በወረደ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩና ቅጠሎቹን ጨመርኳቸው። አልኮሉን እሳት ላይ እንዳትጥዱት፣ ይቀጣጠላል። አረንጓዴው ወጥቶ ቅጠሎቹ ነጣ ሲሉ አጠብኳቸውና አዮዲን አንጠባጠብኩባቸው።

አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ይጠቁራል።

የጤነኛው ቅጠል የአዮዲኑን ቡናማ ቀለም ብቻ ይዞ ቀረ። የተጠቀለለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቆረ፣ እንደ ቀለም ጠርሙስ። እቴቴ ቀና ብላ አየችው። "ታዲያ ይሄ ሁሉ ምግብ እዚህ ተቀምጦ ነው ታች ያጣሁት?" አለች። አዎ እቴቴ።

[ምስል፦ ሁለቱ ቅጠሎች ጎን ለጎን።]

ችግሩ ግን በመከማቸት ብቻ አያበቃም። ቅጠሉ ስኳር ሲበዛበት "በቃኝ" ይላል። ስኳር የሚያበስሉትን ጂኖች ዝቅ ያደርጋቸዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር የሚይዘው ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም ይቀንሳል። አረንጓዴው ቀለም፣ ክሎሮፊሉ፣ እየሳሳ ይሄዳል። አንዳንድ ዝርያ ላይ ጠርዙ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ እሱም የታሰረ ስኳር ምልክት ነው። በዚያ ላይ የታመመ ተክል ብዙ ይተነፍሳል፤ ማለትም ያለችውን ስኳር ለራሱ ያቃጥላል። ስለዚህ ገቢ ቀነሰ፣ ወጪ ጨመረ፣ መንገድም ተዘጋ። ቁመቱ ይቀጭጫል። ክፉኛ ሲይዝ ከግማሽ በላይ ምርት ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ጀርመን ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ጥናት በጣም ይገርመኛል። ቫይረሱን ሙሉውን ትተው፣ ከሴል ወደ ሴል መተላለፊያ የሚሆነውን አንዱን ፕሮቲን ብቻ ትምባሆ ውስጥ አስገቡ። በሽታ የለም፣ ክሽክሽ የለም። ተክሉ ግን ቅጠሉ ላይ ስኳርና ስታርች አከማቸ፣ ፎቶሲንተሲሱም ቀነሰ። አንድ ፕሮቲን ብቻዋን የቤቱን ሥርዓት ልታዛባ ትችላለች ማለት ነው።

ተክሉስ ዝም ብሎ ያያል ወይ? አያይም። ፀረ እንግዳ አካል የለውም፤ በምትኩ መቀስ አለው። የቫይረሱን መመሪያ ሲያገኝ 21 ወይም 22 ፊደል እያደረገ ይቆራርጠዋል። ቁርጥራጩን እንደ ፎቶ ይዞ ተመሳሳዩን ያድናል፣ ያጠፋል። ቫይረሱ ደግሞ ለዚህም ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ፒ ዜሮ የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ሥራው ያንን ቁርጥራጭ ይዞ የሚያድነውን ሠራተኛ ማስወገድ ነው። ሌቦ!

[ምስል፦ የበቆሎ ማሳ፣ ከዳር ወደ መሃል የደረቀ።]

ሁሉም ቫይረስ በዚህ መንገድ አይሄድም። ቅጠልን ዥጉርጉር የሚያደርጉት በዋነኝነት ክሎሮፕላስቱን፣ ማለትም ምድጃውን ራሱን ነው የሚያበላሹት። ሌላው ደግሞ ሁለት ቫይረሶች ሲገናኙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኬንያ፣ ቦሜት ላይ የታየው፣ በ2014 ደግሞ እኛም አገር የተመዘገበው ገዳዩ የበቆሎ በሽታ የሁለት ቫይረሶች ሽርክና ነው። አንዱ ብቻውን ቢመጣ በቆሎው ሊቋቋመው ይሞክራል። ሁለቱ ከተገናኙ ተክሉ ከነዛላው ይደርቃል። እሱ ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይፈልጋል።

ወደ ድንቻችን እንመለስ፤ ገና ያልነገርኳችሁ አለ።

[ምስል፦ ጎተራ ጥግ፣ የተከመረ ትናንሽ ድንች።]

እቴቴ ስትቆፍር ትልልቁን ለገበያ ታወጣለች። መካከለኛው ይቀቀላል። ትንንሹ ለዘር ይቀመጣል። ማን ትልቁን ድንች መልሶ መሬት ውስጥ ይቀብራል? እኔም ብሆን አላደርገውም። ግን ትንንሹ ድንች በብዛት የሚመጣው ከየትኛው ተክል ነው? ከታመመው። ቫይረሱም ድንቹ ውስጥ አለ። ስለዚህ ሳናውቀው በየዓመቱ በሽተኛውን እየመረጥን ስንዘራ ቆይተናል። "ዘሩ ደከመ" የሚባለው እንዲህ ነው የሚመጣው።

ጥፋቱ ግን ትንሽነቱ አይደለም። ከጤነኛ ተክል የወጣ የእንቁላል ያህል ድንች ግሩም ዘር ነው። መጠየቅ ያለበት እናቱ ማን ናት የሚለው ነው።

መድኃኒት ረጭቶ ተክሉን ማዳን አይቻልም። አንዴ ከገባ ገባ። ክሽክሽ መግደል ለዚህኛው ቫይረስ ትንሽ ይረዳል፣ ምክንያቱም ለመተላለፍ ሰዓታት ይፈልጋል። ዋይ የሚባለው ሌላው የድንች ቫይረስ ግን በሴኮንዶች ነው የሚተላለፈው፤ ክሽክሹ እስኪሞት ሥራውን ጨርሷል። ብርዳማ ደጋ ክሽክሽ ስለማይበዛበት ዘር ከደጋ ማምጣት የቆየ ብልሃት ነው። ሆለታ ምርምር ማዕከል ያሉትም ከላብራቶሪ በቲሹ ካልቸር ንጹሕ ችግኝ ያባዛሉ። ሚስጥሩ የተክሉ ጫፍ፣ ገና እያደገ ያለው እምቡጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ አይደርስበትም። ከዚያች ቅንጣት ሙሉ ተክል ይወጣል።

እቴቴ ጋ ግን ሆለታ ሩቅ ነው። ስለዚህ በችካል ጀመርን።

[ምስል፦ ማሳው፣ አበባ ሲያወጣ። እዚህም እዚያም የተተከሉ የቀርከሃ ችካሎች።]

ሥራው ቀላል ነው። ድንቹ አበባ ሲያወጣ፣ ቅጠሉ ሳይረግፍ፣ ማሳውን ትዞሩና ቁመቱ ያማረ፣ ቅጠሉ የተዘረጋ ተክል ሥር ችካል ትተክላላችሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትመለሱና የታመመ ካለ ችካሉን ትነቅላላችሁ። ሲደርስ ችካል ያለባቸውን ለብቻ ትቆፍራላችሁ። ዘራችሁ እሱ ነው። ኬንያ ውስጥ ገበሬዎች በራሳቸው ማሳ ሞክረውት ምርታቸው በአማካይ 30 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ሁሉን አያጣራም። ዘግይቶ የተያዘ ተክል ምልክት ሳያሳይ ቫይረሱን ለድንቹ ያወርሳል። ደግሞ አጠውልግ የሚባለውን ሌላ የድንች በሽታ ከዚህ ጋር አታምታቱ፤ አጠውልግ የያዘው ይዝለፈለፋል፣ የኛው ግን ይገተራል።

እቴቴ መጀመሪያ ስቃብኝ ነበር። "ድንች እንደ ሙሽራ ይመረጣል እንዴ?" ብላ። ዘንድሮ ግን ስልሳ ምናምን ችካል ተከለች።

[ምስል፦ እቤት ውስጥ፣ ግድግዳ ጥግ ሁለት ጆንያ።]

ይኸው ሁለቱ ጆንያ። አንዱ ከችካሎቹ የመጣው ነው፤ አንዱ የቀረው። ድንቾቹ ያው ናቸው፣ መጠናቸውም መልካቸውም። ፈትቼ አየሁ፣ መለየት አልቻልኩም። ልጆቹ እንዳይቀላቅሉባት እቴቴ የአንደኛውን አፍ በቀይ ክር አስራዋለች።