ርሃቡ ከትምህርቱ አይደለም
(ለአብነት ትምህርት ቤቶች (ለቤተ ክርስቲያን ባህላዊ ትምህርት ቤቶች) መርጃ በተዘጋጀ የእራት ምሽት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ክቡራን አባቶቻችን፣ መሪጌቶች፣ ዲያቆናት፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «የአብነት ትምህርት ትናንትና ዛሬ» የሚል ነው። የተፈቀደልኝ ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ትናንትን በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚጨርስ ሰው ካለ መድረኩን እለቅለታለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የበግ ቆዳ ደበሎ ለብሶ ያደገው ብዙ ነው። ዛሬ ሱፍ ለብሰን ስንታይ ማንም አይጠረጥረንም እንጂ። ስለዚህ አኩፋዳ ምን እንደሆነ አላብራራም። ልጆቻችሁ ከጠየቋችሁ እናንተው ንገሯቸው።

እዚህ ተወልደው ያደጉ ወጣቶች ስላሉ ግን ስለ ማታው ትንሽ ላውራ።

የአብነት ተማሪ ቀን በዐይኑ ይማራል፤ ማታ በጆሮው። ቀን ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ቀጥሎ ወንጌል፣ ቀጥሎ ዳዊት። በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እየተመላለሰ ያነባል። ጀምበር ስትጠልቅ መጽሐፉ ይታጠፋል። ኩራዝ የለም፤ ቢኖርም ጋዙ የለም። የቃል ትምህርት የሚጀመረው ያኔ ነው። ውዳሴ ማርያም፣ መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስ። ታላቁ ለታናሹ አንድ ሐረግ ያቀብለዋል፤ ታናሹ ተቀብሎ ይደግማል። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ሁሉም የየራሱን ይጮኻል። ለመንገደኛ ጫጫታ ነው። የኛ የኔታ ዐይናቸው አያይም ነበር። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሀል የማንን ስሕተት ለይተው ይሰሙ እንደነበር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። «አንተ! ተመለስ!» ይላሉ። የጠፋው ለካ አንዲት መጥበቅ ያለባት ፊደል ላልታ ነው።

ጸሎቱና ትምህርቱ እኛ ጋ አይለያዩም። ንጋት ላይ ኪዳን ሲደርስ እንቆማለን፤ ማታ ያጠናነውን ጠዋት በቤተ ክርስቲያን እንሰማዋለን። የግእዝ ግጥም ወደምንማርበት ቅኔ ቤት ስንገባ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ጫካ ለጫካ ቅኔ ስንቆጥር፣ ማለት በልባችን ስናዘጋጅ፣ ከርመን እሑድ ማኅሌት ላይ እናቀርባለን። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና! ሊቃውንቱ «ይበል!» ሲሉ የሚሰማውን ስሜት የቀመሰ ያውቀዋል። እኔ በዚህ አገር ብዙ ወረቀት ተሸልሜአለሁ። ከዚያች «ይበል» የሚደርስ አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ የምለው ትምህርቱን የማጣጥል እንዳይመስላችሁ ነው። አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

ቅኔ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። በአገሩ ስም «የላስታው» እንለዋለን። እኛ ጉባኤ ቃና ላይ ስንንደፋደፍ እሱ ረጅሙን ቅኔ፣ መወድስን፣ ይዘርፋል። የኔታ ራሳቸው ዝም ብለው ይሰሙታል። የአብነት ተማሪ የሚበላውን ለምኖ ነው የሚያገኘው፤ እሱ ግን ልመና አይሆንለትም። ድምፁ አይወጣም። «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት አቅቶት በሰው በር ላይ ተገትሮ ይቀራል። ውሻው ግን ፍንክች አይልም፤ ያውቀዋል መሰል፣ ዓይናፋር ሲያይ ይብስበታል። አንድ ቀን ውሻው ደበሎውን ከኋላ ቀዶበት መጣ። ስንስቅ ዋልን። ከዚያ ወዲህ ተስማማን። እኔ ለሁለታችን እለምናለሁ፣ እሱ ቅኔ ያስቆጥረኛል። እኔ ደግሞ አፌ ስል ነው። ሠርግ ያለበትን ቤት፣ ተዝካር ያለበትን ቤት፣ ባሏ ሳያይ የምትሰጠውን ሩኅሩኅ ሴት ቤት፣ ሁሉን በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ከዳዊቱ ይልቅ ያንን ካርታ ነበር አብልጬ የማውቀው።

ሐምሌ ሲመጣ ግን አፍ አይሠራም። ገበሬው ራሱ ጎተራው ተጠርጓል። በየበሩ «እግዜር ይስጥህ» ነው። ክፉ ሆነው አይደለም፤ የላቸውም። የላስታውን ያን ክረምት ትኩሳት ያዘው። ለቀቀው ስንል ተመልሶ ያዘው። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ እንደነበር ያወቅሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። በአንድ ጎጆ ተደራርቦ የሚተኛ፣ ልብሱን የሚያጥብበት ሳሙና የሌለው ልጅ የሚይዘው በሽታ ነው። በመድኃኒት ይድናል። አባቱ መጥተው በሰው ሸክም ወሰዱት። ዳነ አሉ። ወደ ቅኔ ቤት ግን አልተመለሰም። ዛሬ ጉባኤ ዘርግቶ ስንቱን የሚያስተምር ሰው ነበር። ያ ልጅ ትሕትና አጥቶ አይደለም የቀረው። እንጀራ አጥቶ ነው!

አምና እዚሁ መድረክ ላይ የቆመ እንግዳ ምን አለ? «ልመናው ነው ትሕትና የሚያስተምራቸው፤ ብናበላቸው ትምህርቱ ይበላሻል» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ልጁን «ትሕትና ይማር» ብሎ ቁርስ ሳያበላ የሚልክ ወላጅ እዚህ አለ? ካለ እጁን ያውጣ። ምሳ ዕቃውን ቀምቶ «ሂድ የጎረቤት በር ቁም» የሚል አለ? ለኔና ለእናንተ ልጅ ግፍ የሆነው ነገር ለገበሬው ልጅ እንዴት ጽድቅ ይሆናል?

«ጾም አይደለም ወይ የምንሰብከው» የሚለኝ አለ። ጾም እኮ እያለህ ስትተወው ነው። ሲጠፋማ ማጣት ነው። የአሥር ዓመት ልጅ በሌለው ነገር ላይ ምን ይጾማል? እኔ እየራበኝ ተማርኩ እንጂ ስለራበኝ አልተማርኩም።

ደግሞ የዲያቆንነት ሹመት በምን ሰበብ መጣ? ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ክፈቱ። መበለቶች በየዕለቱ ማዕድ ተረሱ፤ ማጉረምረም ተነሣ፤ እነ እስጢፋኖስ ሰባቱ ተሾሙ። ሹመቱ የተነሣው ከማዕድ ነው። እኛ ነገ ዲያቆን የሚሆነውን ልጅ ማዕድ ከልክለን «ይህ ሥርዓታችን ነው» እንላለን! የማን ሥርዓት? የትኛው ቀኖና ላይ ተጽፎ?

«ድሮም እንዲህ ነበር» ለምትሉም መልስ አለኝ። ድሮ ደብሩ መሬት ነበረው። መምህሩ ከዚያ ይተዳደር ነበር፤ ለተማሪውም ይተርፍ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ያ ሁሉ ሄደ። አዋጁን ልነቅፍ አይደለም፤ እሱ ሌላ ምሽት ይፈልጋል። ግን በምትኩ ምን አቆምን? ሸክሙን በሙሉ ራሱ ችግረኛ በሆነው ገበሬ ላይ ጣልነውና ስሙን ትውፊት አልነው። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ ከቅኔ ቤት ወጡ፣ ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ የጎጃሟ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው እያልን እንኮራለን። መንገድ ላይ የቀሩትንስ ማን ይቆጥራል?

ስለ ፎቶው ባጭሩ። በር ላይ የተለጠፈው ልጅ እንባው እየወረደ ነው። ልጁን አስፈቅዳችሁታል? ዳዊት ሲደግም አንሡት። እሱም ያምርበታል።

ስለ የኔታ ደመወዝም ብዙ ማለት ነበረብኝ፤ ሰዓቱ ሄደ። «የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር» ይላል ኦሪት ዘዳግም። ሌላውን እናንተ ሙሉት።

አሁን ስለ ዛሬው ገንዘብ። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። ለአዳራሽ ግንባታ ይላል። ይሠራ፣ አልቃወምም። ግን በንድፉ ላይ ማብሰያ ቤት የለም። መጸዳጃ ቤት የለም። ውኃ የለም። ጉልላት ግን አለ። እኔ የምጠይቀው ቀላል ነው። እህሉ በታኅሣሥና በጥር፣ መከር ገብቶ ዋጋው ሲወርድ ይገዛ። ለሰኔ፣ ለሐምሌና ለነሐሴ ይቀመጥ። ሁለት ወጥ ሠሪዎች ይቀጠሩ። ሳሙና ይግባ። በዓመት አንዴ ሐኪም ይያቸው። ጉልላቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጨረታው ሊጀመር ነው። ሥዕሉን ማን እንደሚያሸንፍ እናያለን፤ ሁልጊዜም ያው ሦስት ሰው ነው የሚፎካከረው። እኔም እጄን አወጣለሁ። ግን ከዚያ በፊት ኮሚቴው ተነሥቶ ይንገረን። ማብሰያ ቤቱ ይገባል ወይስ አይገባም? «እናስብበታለን» የሚለውን አምናም ሰምተነዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።